የተዘጋው የአዋላጆች ትምህርት ቤት

ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ለንደን የነርስነት ሙያ የተማሩ የንጉሥ ልጅ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1942 ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ሕመም በወጣትነታቸው አረፉ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) የቤተ መንግሥት ልጅ ያላመለጠችው ሞት በማክሰኝት ገጠር የምታምጥ ገበሬን ስንት ጊዜ እንደወሰደ መገመት አያዳግትም።

በ1959 በልዕልቷ ስም ወደተሰየመው የአዲስ አበባ ሆስፒታል ሁለት የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ከአውስትራሊያ መጡ፤ ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ካትሪን። የተቀጠሩት የአዋላጅ ነርሶች ትምህርት ቤት እንዲያቋቁሙ ነበር። ትምህርት ቤቱ ግን ጥቂት አዋላጆች እንዳሠለጠነ በበጀት እጦት ተዘጋ።

ሐኪሞቹ ወደ አገራቸው አልተመለሱም። ደጃቸውን የሚያንኳኩት ሴቶች ነበሩ፤ ለቀናት አምጠው፣ ልጃቸው ሞቶ፣ ሽንታቸውን መቆጣጠር ተስኗቸው፣ ከሰው ተገልለው የመጡ። ለእነዚህ የፊስቱላ ታካሚዎች በ1974 የራሳቸውን ሆስፒታል አቋቋሙ።

ፊስቱላ የሚመጣው የሕፃኑ ጭንቅላት መውጫ አጥቶ የእናትየውን ገላ ለረጅም ሰዓት ሲጫነው ነው። «ይህ ምጥ ከልክ አልፏል፤ ቶሎ ሆስፒታል ትሂድ» የሚል ሠልጣኝ አጠገቧ ቢኖር አብዛኛው ይቀር ነበር። ትምህርት ቤቱን በመዝጋት የተረፈው ገንዘብ በኋላ በቀዶ ሕክምናና በእናቶች ዕድሜ ተከፈለ።

ዶክተር ካትሪን ይህን አልረሱም። ባለቤታቸው በ1993 ካረፉ በኋላ፣ በ83 ዓመታቸው፣ በ2007 የሐምሊን የአዋላጆች ኮሌጅን ከፈቱ። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ከገጠር የመጡ ልጃገረዶችን መርጦ በነፃ በዲግሪ ማስተማር፣ ከዚያም ቋንቋውንና ባህሉን ወደሚያውቁት አካባቢ ጤና ጣቢያ መልሶ መመደብ። ካትሪን በ2020 በ96 ዓመታቸው አረፉ።

ሐሳቡ ለጎንደር እንግዳ አይደለም። በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በቡድን አሠልጥኖ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ይልክ ነበር።

በአገር አቀፉ ጥናት መሠረት በሠለጠነ ባለሙያ እጅ የወለዱ እናቶች በ2000 ከመቶ 6 ነበሩ፤ በ2016 ወደ 28 ደረሱ። ከ100,000 በሕይወት ከተወለዱ ሕፃናት አንጻር የሚሞቱት እናቶች ግምትም ከ871 ወደ 412 ወርዷል። ለውጡ ትልቅ ነው፤ የቀረውም ትልቅ ነው።

ማክሰኝት ከጎንደር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። በሰላም ቀን ቅርብ ናት። ግጭት መንገድ በዘጋ ሌሊት ግን አምቡላንስ የትም አይደርስም፤ ለወላዷ የምትደርስላት እዚያው ቀበሌ የምታድር አዋላጅ ብቻ ናት። በጀት ሲቀነስ መጀመሪያ የሚታጠፈው የሥልጠና መስመር ከሆነ፣ የመጀመሪያው ትምህርት ቤት መዘጋት ምን እንዳስከፈለን ዘንግተናል ማለት ነው።