መያዣ የማይሆን መያዣ

ከቦሌ መድኃኔዓለም ተነስቶ በገርጂ በኩል ወደ መገናኛ ለሚሄድ ሰው ግራና ቀኙ ሁሉ ሱቅ ነው። ያገለገለ ስልክ ይገዛል፣ ያገለገለ ላፕቶፕ ይሸጣል፣ መኪና በኮሚሽን ይሻሻጣል። የአሜሪካ ፊልም የለመደ ሰው ግን አንድ የጎደለ ሱቅ እንዳለ ልብ ይላል። እዚያ ገንዘብ የቸገረው ሰው ሰዓቱን፣ ጊታሩን፣ ሽጉጡንም ጭምር አስይዞ ይበደራል፤ ብድሩን ካልመለሰ ዕቃው መስታወት ውስጥ ተደርድሮ ይሸጣል። አሮጌ ሪቮልቨር እያገላበጡ ዋጋ መጠየቅ ለነሱ እንደኛ ሰልባጅ ጫማ መምረጥ ነው። በ1968 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕጋቸው ሽጉጥ በመያዣ የሚቀበለውን ነጋዴም ፈቃድ እንዲያወጣ ያስገድደዋል። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ሱቅ የለም። ማስያዝ ግን አለ፤ አሮጌ ሽጉጥም አለ። ሁለቱ ሲገናኙ ምን እንደሚፈጠር ነው ዛሬ ማንሳት የፈለግሁት።

መሣሪያ ወደ አገራችን በብዛት የገባው እንደ ሰልባጅ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ በ1885 እ.ኤ.አ. ታጁራ ሆኖ ለቤተሰቡ ሲጽፍ፣ ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ የሚያመጣቸው ጠመንጃዎች ከአርባ ዓመት በፊት ከአገልግሎት የወጡ መሆናቸውን አልደበቀም። አውሮፓ ውስጥ በሰባትና ስምንት ፍራንክ ይገኛሉ፤ እዚህ ወደ አርባ ፍራንክ ያወጣሉ። በ1887 እ.ኤ.አ. ሁለት ሺህ ገደማ ጠመንጃ ይዞ ሸዋ ሲደርስ ግን ያሰበው ትርፍ አልተገኘም። ምኒልክ ዋጋውን ሰበሩበት፤ የሞተው ሸሪኩ ላባቱ የነበረበትንም ዕዳ ከሒሳቡ ላይ ቀነሱ። እንግዲህ ጠመንጃ በዕዳ ሲያዝ ያ የመጀመሪያው ባይሆንም በጽሑፍ ከተመዘገቡት አንዱ ነው።

ከዚያ በኋላ ኃያላኑ በሩን ያጠብቡት ጀመር። በ1890 እ.ኤ.አ. የብራስልስ ስምምነት፣ በ1906 እ.ኤ.አ. ደግሞ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የኢጣሊያ ውል መጣ። ኢትዮጵያ መሣሪያ የማስገባት መብቷ በውል የታወቀላት በ1930 እ.ኤ.አ. ነበር፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ኢጣሊያ ልትወረን ስትዘጋጅ ያው በር ተመልሶ ተዘጋ። እንደ ልብ የማይገኝ ነገር ደግሞ ሀብት ይሆናል። ሠናድሩ፣ ውጅግራው፣ ለበኑ በስሙ ተጠርቶ ለልጅ ይወረሳል፣ ለጀግና ይሸለማል፣ ሲቸግርም ይያዛል።

ሽጉጥ ግን ከጠመንጃ ይለያል። ጠመንጃ በትከሻ ይነገታል፤ አገር ያየዋል፣ ጎረቤት የማን እንደሆነ ያውቃል። ሽጉጥ ስሙ ራሱ እንደሚለው የሚሸጎጥ ነው። የታወቀው ሽጉጣችን እንኳ፣ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዐፄ ቴዎድሮስ የላኩላቸውና ንጉሡ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሕይወታቸውን ያጠፉበት፣ ለቆንስል ፕላውደን ስላደረጉት ደግነት ምስጋና ተጽፎበት የመጣ የእጅ ስጦታ ነበር። አንድ ሽጉጥ ወዳጅነትም ጠላትነትም ተሸክሞ ያልፋል።

በከተማችን የሽጉጥ ታሪክ ከዚያ ወዲህ የመደበቅ ታሪክ ነው። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ደርግ አዲስ አበባን ቤት ለቤት አሰሰ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ ሠራዊቱ ሲበተን ወታደሩ ርቦት መሣሪያውን በርካሽ ሸጠ። ያኔ የተሸጠው ሁሉ ተመዝግቦ አልተሸጠም።

አሁን ወደ መያዣው እንመለስ። አበው ወለድ አገድ የሚሉት አሠራር ነበራቸው፤ አበዳሪው መሬቱን ይይዛል፣ ፍሬው ወለዱን ይተካል፣ ዋናው ሲመለስ መሬቱ ይመለሳል። ይህን የሚያጸናው ምስክር ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም አበዳሪ መያዣውን ያለ ሥርዓት እንዳይወርስ ከልክሎ፣ በስምምነት የሚወሰድ ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ ደንግጎ ነበር። አራጣ አበዳሪው ግን ይህን ሁሉ የሚያልፍበት መንገድ አለው፦ ቀን ያልተጻፈበት ቼክ፣ የመኪና ሊብሬ፣ የቤት መሸጫ ውክልና። ክፉ ቢሆኑም እነዚህ ሁሉ ወረቀት ናቸው፤ ቢያንስ ዳኛ ፊት ይቀርባሉ።

ሽጉጥ ያስያዘ ሰውስ ምን ያቀርባል? ምስክር አይጠራም፣ ደረሰኝ አይቀበልም። አበዳሪው ካደው እንበል። ተበዳሪው ጣቢያ ሄዶ «ሽጉጤን ከለከለኝ» ቢል ሁለቱም ይታሰራሉ። ተበዳሪው ገንዘቡን ካደ እንበል። አበዳሪው ከሶ መያዣውን ሊያሸጥ አይችልም። ሽማግሌ እንኳ እንዲህ ያለ ጉዳይ ውስጥ መግባት ይፈራል። ሕግም ሽማግሌም ከሌሉበት ክርክሩን የሚፈርደው ማን ነው? ያው በመካከል የተቀመጠው ዕቃ ነው! ወርቅ ያስያዘ ሰው ቢከስር ወርቁን ያጣል። ሽጉጥ ያስያዘ ግን በገዛ ዕቃው ሊሞት ይችላል።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ከብቱን፣ ሰብሉን፣ ማሽኑን በመዝገብ አስይዞ መበደር እንዲቻል አደረገ። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1177 ጦር መሣሪያን ያለ ፈቃድ መያዝ፣ መግዛትና መሸጥ በወንጀል የሚያስጠይቅ መሆኑን ደነገገ። ሁለቱ አዋጆች የተለያየ ነገር የሚያወሩ ይመስላሉ፤ ለኔ ግን አንድ ሐሳብ ናቸው። መያዣ የሚሆነው በአደባባይ የሚታይ ነገር ነው።

አዋጅ ብቻውን ቁም ሣጥን አይከፍትም። አባት ሲሞት ከጋቢው ሥር የሚገኘው ሽጉጥ የራሱ ይሁን የባለዕዳው፣ መበለቲቱ አታውቅም። የሚጠይቃት ሰው ሌሊት በር ያንኳኳ እንደሆነ ምን ብላ ትመልሳለች? ሽጉጥ አስይዞ ያበደረም የተበደረም ዕዳውን በቁሙ ይጨርስ። ለልጅ የሚወረስ ዕዳ ብር ሲሆን ይከብዳል፤ ጥይት የጎረሰ ሲሆን ግን ማንም ከፍሎ አይጨርሰውም።