ጨርቅ የመሰከረው ታሪክ

ብዙ ሰዎች ታሪክ የሚጻፈው በብራናና በወረቀት ላይ ብቻ ይመስላቸዋል። ዳሩ ግን ጨርቅም እንደ መጽሐፍ የሚነበብበት አገር አለ። ይህም በምዕራብ አፍሪካ፥ በጋና ውስጥ የሚገኘው የአሻንቲ ሕዝብ አገር ሲሆን፥ ጨርቁ አዲንክራ ይባላል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በአዲንክራ ላይ የሚታተሙት ምልክቶች እንደ እኛ ፊደል ድምፅን የሚያሰሙ አይደሉም። እያንዳንዱ ምልክት አንድ ሙሉ አሳብ ወይም ምሳሌ ይይዛል። ወደ ኋላዋ ዞራ የምትመለከተው ወፍ «ሳንኮፋ» ትባላለች፤ ትርጓሜዋም «ተመልሰህ ውሰድ» ማለት ነው፤ የተረሳውን ነገር ወደ ኋላ ሄዶ ማንሣት ነውር አይደለም ለማለት ነው። የአውራ በግ ቀንዶች ኃይል ከትሕትና ጋር መሆን እንዳለበት ያስተምራሉ። ጥርስና ምላስ ደግሞ በአንድ አፍ ውስጥ ሲኖሩ ቢጋጩም ያለ መተጋገዝ እንደማይሆንላቸው ያመለክታሉ። ይህ እኛ «እግር ከእግር ይጋጫል» ከምንለው የራቀ አይደለም።

የአሠራሩም ነገር የሚያስደንቅ ነው። ባለሙያው በመጀመሪያ «ባዲዬ» የሚባለውን ዛፍ ቅርፊት ዘፍዝፎና ወቅጦ ያፈላዋል፤ ካጣራውም በኋላ ወፍራም ጥቁር ቀለም እስኪሆን ድረስ እንደገና ያፈላዋል። ከዚያም የቅል ስባሪ ወስዶ ምልክቱን በቢላዋ ይቀርጽበታል፥ ከቀጫጭን እንጨትም እጀታ ያስርለታል፤ ይህ ማኅተሙ ነው። ጨርቁን በመሬት ላይ ወጥሮ ሚዶ ቀለም ውስጥ እየነከረ መስመር ያሰምርበታል፤ ጨርቁም በአራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን ይከፋፈላል። በመጨረሻም እያንዳንዱን ማዕዘን በማኅተም ይሞላዋል። አንዳንድ ጊዜም የጨርቁ ክፍሎች በቀይ፥ በቢጫና በአረንጓዴ ክር በጥልፍ ይጋጠማሉ። ጥቁርና ደማቅ ቀይ አዲንክራ የሐዘን ልብስ ነው፤ ስሙም «መሰናበት» ከሚለው ቃል ጋር የተያያዘ ነው ይባላል።

ስለ አጀማመሩ ግን አንድ የታወቀ ተረት አለ። የጊያማን ንጉሥ ኮፊ አዲንክራ የአሻንቲን የወርቅ በርጩማ አስመስሎ በማሠራቱ የአሻንቲው ንጉሥ ኦሴይ ቦንሱ ተቈጥቶ በ1818 ወጋው፥ ገደለውም። አሸናፊዎቹም የንጉሡን ልብስ ማርከው ጥበቡን ከዚያ ተማሩ፥ ጨርቁንም በስሙ ጠሩት ይባላል።

እንግዲህ ይህን ተረት የሚመረምረው ምስክር ራሱ ጨርቁ ነው። ቶማስ ኤድዋርድ ባውዲች የተባለ እንግሊዛዊ በ1817 ከመልእክተኞች ጋር ወደ ኩማሲ ከተማ ሄዶ ነበርና፥ ከዚያ አንድ አዲንክራ ይዞ ተመለሰ። ያ ጨርቅ በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል፤ ከዋክብትና መንታ ከበሮዎችን ጨምሮ 15 ምልክቶች ታትመውበታል። ጨርቁ ኩማሲ ውስጥ የተገኘው ጦርነቱ ከመደረጉ ከአንድ ዓመት በፊት ነው! ጥበቡ ቀደም ብሎ ከጊያማን መጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ይህን ጨርቁ አይክድም። ነገር ግን በ1818 ምርኮ ተጀመረ የሚለው ቃል ሊጸና አይችልም።

ይህን ማወቅ የተቻለው ጨርቁ ውብ ስለ ሆነ አይደለም፤ የተገኘበት ስፍራና ዓመት ተመዝግቦ ስለ ተቀመጠ ነው እንጂ። ምዝገባው ባይኖር ኖሮ ጨርቁ ዝም ይል፥ ተረቱም ያለ ተከራካሪ ይኖር ነበር። ደግሞም ጨርቁ ከሠሪዎቹ አገር ርቆ መቀመጡን ስናስብ፥ የአሻንቲ ተማሪ የአያቶቹን ሥራ ለማየት ባሕር መሻገር እንደሚያስፈልገው እንረዳለን።

በየቤታችንም የሴት አያቶቻችን የፈተሉት ሸማና የሰፉት መሶብ አለ። ማን ሠራው? መቼ? የት? ብለን ዛሬ በሕይወት ካሉት ብንጠይቅና ብንጽፍ፥ ነገ የሚመጡት ተማሪዎች ከተረት ይልቅ ምስክር ያገኛሉ። የትምህርት ቤታችንን የምሥረታ በዓል በምናከብርበት በዚህ ጊዜ ይህ ሥራ ለእያንዳንዳችን የሚቻል ነው፤ እርሳስና ደብተር ብቻ ይበቃዋልና።