ባሕር የለየው ዝምድና፤ የሐኪም ወርቅነህና የልጆቻቸው ታሪክ

በአዲስ አበባ፣ በልደታ የሚገኘው የሕንፃ ኮሌጅ በ1940ዎቹ አጋማሽ በስዊድን መንግሥት ትብብር ሲቋቋም፣ ኢትዮጵያዊው ወጣት የግንባታን ሙያ በአገሩ ምድር የሚማርበት በር ሰፋለት። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት መሐንዲስ ወይም ሐኪም ለመሆን የሚሻ ሁሉ ከቤተሰቡ ተለይቶ ባሕር መሻገር ግድ ይለው ነበር። ባሕር የተሻገረ ልጅና በአገር የቀረ ዘመድ እንዴት እንደሚፈላለጉ፣ ሲገናኙም ምን ያህል ዋጋ እንደሚከፍሉ ከሚያስረዱት ታሪኮች አንዱ የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ቤተሰብ ታሪክ ነው።

በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ባሕር ማቋረጥ የብዙ ሕዝቦች ዕጣ ሆኖ ነበር። ለምሳሌ ያህል፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1825 ጀምሮ በነበረው መቶ ዓመት ውስጥ ከኖርዌይ ብቻ 800,000 ያህል ሰዎች ወደ ሰሜን አሜሪካ ፈልሰዋል። ይሁን እንጂ የኖርዌይ ገበሬ የተሰደደው መሬት ቢጠበውም በራሱ ውሳኔ ነው። ከደረሰበት አገር ደብዳቤ ይጽፋል፤ ኑሮው ሲደላደልም ለወንድሙ ወይም ለእጮኛው የመርከብ ቲኬት ገዝቶ ይልካል። በዚያው ዘመን ከመቅደላ የተወሰዱት ኢትዮጵያውያን ሕፃናት ግን ውሳኔውም ብዕሩም በእጃቸው አልነበረም።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ የእንግሊዝ ጦር ይዟቸው ከሄደው ሕፃናት ሁለቱ በታሪክ ይታወቃሉ። አንደኛው የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ነው። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ በመንገድ ላይ ሲያርፉ፣ ልጁ ወደ እንግሊዝ አገር ተሻገረ። አያቱ ወይዘሮ ላቂያዬ ከአገር ቤት ደብዳቤ ቢጽፉለትም ናፍቆታቸው ፍጻሜ አላገኘም፤ ልዑሉ በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ አርፎ በዊንድሰር ተቀበረ።

ሁለተኛው ወላጆቹ የጠፉበት የጎንደር ተወላጅ ሕፃን ነበር። ኮሎኔል ቻርልስ ቻምበርሌይን የተባለ መኮንን ወደ ሕንድ ወሰደው፤ እርሱ ሲሞትም ማርቲን የተባለ ሌላ ኮሎኔል የትምህርቱን ወጪ ቻለ። ልጁም ከሁለቱ ስም ተውጣጥቶ «ቻርልስ ማርቲን» ተባለ። በላሆር ሕክምና ተምሮ፣ በስኮትላንድ ትምህርቱን አዳብሮ፣ በበርማ በእንግሊዝ መንግሥት ሥር በሐኪምነት አገለገለ። ሙያና ማዕረግ አልጎደለበትም፤ የጎደለው የገዛ ስሙና ዘመዱ ነበር።

የዓድዋ ድል ዜና በ1888 ዓ.ም. ዓለምን ሲያዳርስ፣ ዶክተር ማርቲን የትውልድ አገራቸውን ለማየት ቆረጡ። በ1890ዎቹ መግቢያ ገደማ አዲስ አበባ ደርሰው ድንኳን ተክለው ሕሙማንን ማከም ጀመሩ። አማርኛ ስለማይችሉ የሚነጋገሩት በአስተርጓሚ ነበር። ከመቅደላ የተወሰደ ሐኪም መጥቷል የሚለው ወሬ ሲሰማ፣ አያታቸው ከሩቅ አገር ተጉዘው መጡ፤ በሰውነታቸው ላይ የነበረውን የልጅነት ጠባሳ መርምረውም ልጃቸው መሆኑን አረጋገጡ። ሐኪሙ «ወርቅነህ» የሚለውን ስማቸውን ያወቁት ያን ጊዜ ነው። ሠላሳ ዓመት ያህል ደብዳቤ ባልተላከበት ቤተሰብ ውስጥ ዝምድናውን ጠብቆ ያቆየው የአንዲት አሮጊት ትዝታ ነበር።

ሐኪም ወርቅነህ ከዚያ በኋላ እየተመላለሱ፣ በመጨረሻም ጠቅልለው ገብተው አገራቸውን አገለገሉ። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በበላይነት መርተዋል። በ1920 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ተልከው ስለ ጣና ሐይቅ ግድብ ከጄ. ጂ. ኋይት የምህንድስና ኩባንያ ጋር ተነጋግረዋል። ልጆቻቸውን ቢንያምንና ዮሴፍንም ምህንድስና እንዲማሩ ወደ እንግሊዝ አገር ላኩ። አባትየው በግድ የተሻገሩትን ባሕር ልጆቹ በአባት ምርቃት ተሻገሩት፤ ስማቸውን ይዘው ሄደው፣ ሙያ ጨምረው ተመለሱ።

ይሁንና ዕድሉ ለሁለተኛ ጊዜ ቤተሰቡን በባሕር ከፈለው። ኢጣልያ አገራችንን ስትወር ሐኪም ወርቅነህ በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ነበሩ። በእንግሊዝ አገር ስለ ኢትዮጵያ ሲሟገቱ፣ ሁለቱ ወጣት መሐንዲሶች ደግሞ በአገር ውስጥ የጥቁር አንበሳ ማኅበር አባላት ሆነው ተሰለፉ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በተማሩት ወጣቶች ላይ በወረደው የበቀል ሰይፍ ሁለቱም ተገደሉ። ጠፍተው የተገኙት አባት፣ የተገኙትን ልጆቻቸውን አጡ።

ሐኪም ወርቅነህ ከነጻነት በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1945 ዓ.ም. ዐረፉ። ልደታ ላይ የሕንፃ ኮሌጁ ደወል ሲደወል ለመስማት አልደረሱም። ከዚያ ግቢ ተመርቀው ድልድይና ቤት የሠሩት መሐንዲሶች ሁሉ ግን፣ ሙያውን ከባሕር ማዶ አምጥተው ገና ሳይሠሩበት ለወደቁት ለቢንያምና ለዮሴፍ ታናናሽ ወንድሞች ናቸው። ዝምድና በደም ብቻ እንደማይቆጠር፣ በተጀመረና ባልተፈጸመ ሥራም እንደሚወረስ የሙያው ባልደረቦች ሊዘነጉት አይገባም።