ኢማሙ ዘገቡት፣ ግን አልሠሩበትም

ሻጭና ገዢ እስካልተለያዩ ድረስ ሁለቱም ሽያጩን የማፍረስ ምርጫ እንዳላቸው የሚናገር አንድ የነቢዩ ሙሐመድ ሐዲስ አለ። ሰነዱ አጭር ነው፦ ዐብዱላህ ኢብኑ ዑመር ከነቢዩ፣ ናፊዕ ከኢብኑ ዑመር፣ ኢማም ማሊክ ከናፊዕ። ኢማም ቡኻሪ ከሰነዶች ሁሉ ትክክለኛው ያሉት ይሄንን ነው፤ "የወርቅ ሰንሰለት" ይሉታል።

የማጣራቱ ሥራ ለኛ ለፕሮግራመሮች እንግዳ አይደለም። ይሄን መስመር ማን ጻፈው? ከማን ተቀበለው? በእርግጥ ተገናኝተዋል? ትውስታውስ ይታመናል? ከዚያ ማመሳከር ይመጣል። ከናፊዕ የሰሙት ማሊክ ብቻ አይደሉም፤ የግብፁ ለይስ ኢብኑ ሰዕድና የበስራው አዩብም ያንኑ ዘግበዋል። በሰነድ በኩል ነገሩ አልቋል።

ችግሩ የመጣው ከራሳቸው ከማሊክ ነው። እ.ኤ.አ. በ795 መዲና ላይ ያረፉት እኚህ ሰው ሐዲሱን ሙወጦእ በተባለው መጽሐፋቸው ካሰፈሩ በኋላ፣ እዚያው ሥር፣ መዲና ውስጥ ለዚህ "መለያየት" የታወቀ ወሰንም ሆነ የሚሠራበት ልማድ እንደሌለ ጻፉ። አልሠሩበትም! ሐዲሱን ተጠራጥረው አይደለም፤ የከተማው ሕዝብ የወረሰው አሠራር ለሳቸው ትልቅ ማስረጃ ስለነበረ ነው። ደግሞስ ሁለት ነጋዴዎች ቀኑን ሙሉ አብረው ቢቀመጡ ውሉ መቼ ይጸናል? ለማሊክም ለአቡ ሐኒፋም "ሸጥኩ፣ ገዛሁ" ከተባለ በቃ፣ ተጠናቋል።

ተማሪያቸው ሻፊዒይ ግን ሐዲሱ ከጸና ልማድ አይሽረውም ብለው፣ መለያየት ማለት በአካል መለያየት ነው አሉ። ኢብኑ ዑመር ራሳቸው የወደዱትን ዕቃ ሲገዙ፣ ሽያጩ እንዲጸናላቸው ተነስተው ራመድ ይሉ እንደነበር ተዘግቧል። ዘጋቢው በእግራቸው ነው የተረጎሙት። እኔ (ዳኛ ያደረገኝ ባይኖርም) እዚህ ላይ ለሻፊዒይ አደላለሁ።

እኛ አገር ሐነፊይም ሻፊዒይም መዝሀብ ስላለ ልዩነቱ የመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ስልክ ገዝተህ፣ ከሱቁ ሳትወጣ ሐሳብህን ብትቀይር፣ ብርህን የመመለስ ግዴታ አለ ወይ? እንደ ሻፊዒይ አለ፤ እንደ አቡ ሐኒፋ ደግሞ ዕቃው እንከን ከሌለውና አስቀድመህ ካልተዋዋልክ የለም።

በስልክ ሲሆንስ? እ.ኤ.አ. በ1990 ጅዳ ላይ የተሰበሰበው ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ የስልክን ውል በአካል እንደተገናኙ ሰዎች ውል ቆጥሮታል። በሻፊዒይ መንገድ ካሰላነው፣ ኢብኑ ዑመር የተራመዷትን ጥቂት እርምጃ የሚተካው ስልኩን መዝጋት ነው።