ዮጋ አጥንት ያጠነክራል? በቀን 12 ደቂቃ ምን ይለውጣል?

ዮጋ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን እግር አጣጥፎ፣ ዓይን ጨፍኖ መቀመጥ ነው። ግን ዮጋ የጥንካሬ ስፖርትም ነው፤ የምታነሱት ክብደት የራሳችሁ ሰውነት ነው። ዛሬ ለአጥንት ምን እንደሚጠቅም እናያለን።

👉 አጥንት ሕያው ነው
በአጥንት ውስጥ አሮጌውን የሚያፈርሱና አዲሱን የሚገነቡ ሴሎች ሁሌም ሥራ ላይ ናቸው። አጥንት ጫና ሲያርፍበት ይጠነክራል፣ ሥራ ሲፈታ ይሳሳል። ለዚህ ነው የጠፈር ተጓዦች ክብደት በማይሰማበት ቦታ ሲቆዩ ሰውነትን ከሚሸከሙት አጥንቶቻቸው በወር 1 በመቶ ገደማ የሚያጡት።

👉 ለምን በወጣትነት?
አጥንት የጥንካሬው ጫፍ ላይ የሚደርሰው እስከ 30 ዓመት ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ያጠራቀምነውን መጠበቅ ነው። ሴቶች ላይ ደግሞ የወር አበባ ሲቋረጥ መሳሳቱ ይፈጥናል። የአጥንት መሳሳት ሕመም ስለሌለው ብዙ ጊዜ የሚታወቀው አንድ ቀን ወድቀው ሲሰበሩ ነው።

👉 ጥናቱ ምን አለ?
አሜሪካዊው ሐኪም ሎረን ፊሽማን እና ባልደረቦቹ በ2016 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት 12 የዮጋ አቋሞችን ፈትሸዋል። በየቀኑ ወይም ቢያንስ በሁለት ቀን አንዴ የሠሩት 227 ሰዎች የአከርካሪና የጭን አጥንታቸው ጥግግት ተሻሽሏል። ዳሌ ላይ ግን ለውጡ አስተማማኝ አልነበረም። ጥናቱ ዮጋ ከማይሠሩ ሰዎች ጋር ስላላነጻጸረ ተስፋ ሰጪ እንጂ የመጨረሻ ማስረጃ አይደለም።

👉 በእነዚህ ጀምሩ (እያንዳንዱን 30 ሰከንድ ያህል)
1. ዛፍ፦ በአንድ እግር ቆማችሁ የሌላኛውን ውስጥ እግር ከጉልበት በላይ ወይም በታች አሳርፉ፤ ጉልበት ላይ ግን አይሁን። ከዚያ እግር ቀይሩ።
2. ወንበር፦ ወንበር ላይ ልትቀመጡ እንደሆነ ጉልበታችሁን አጥፋችሁ ቆዩ።
3. ጦረኛ፦ እግራችሁን በሰፊው ከፍታችሁ የፊተኛውን ጉልበት እጠፉ፣ እጃችሁን ወደ ጎን ዘርጉ። በሌላው ጎንም ድገሙት።
4. ድልድይ፦ በጀርባ ተኝታችሁ፣ ጉልበት አጥፋችሁ ዳሌያችሁን አንሱ።

⚠️ እናቴንም ላሠራት ካላችሁ መጀመሪያ ሐኪም ጠይቁ። አጥንቱ የሳሳ ሰው ጀርባውን አጉብጦ ወደ ፊት ቢያጎነብስ ወይም ወገቡን በኃይል ቢጠመዝዝ አከርካሪው ሊሰበር ይችላል።

ዮጋ ብቻውን ግን አይበቃም። ገመድ መዝለል፣ ደረጃ መውጣትና ክብደት ማንሳት ጨምሩበት። ካልሲየም ከወተት፣ ከጎመንና ከጤፍ ይገኛል፤ ካልሲየሙን ሰውነት እንዲጠቀምበት የሚረዳው ቫይታሚን ዲ ደግሞ ከፀሐይ።

አሁን ስልካችሁ ላይ የ12 ደቂቃ አላርም ሙሉ፤ እስኪጮህ ድረስ ስልኩን አስቀምጡና ተነሱ። ለጓደኛም አጋሩት!