አፈርሳታና የእንግሊዝ መንደር

ከቢሮ መልስ እራት እስኪቀርብ ድረስ አንድ የእንግሊዝ የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ገልጣችሁ ታውቁ ይሆናል። ታሪኩ ባብዛኛው የሚጀምረው ጸጥ ባለች የገጠር መንደር ውስጥ ነው። በመንደሪቱ አንድ ቄስ፥ አንድ ሐኪም፥ ጡረታ የወጣ አንድ የጦር መኰንን፥ የፖስታ ቤት ሠራተኛና ወሬ የማያመልጣት አንዲት ባልቴት ይኖራሉ። ከዕለታት አንድ ቀን ከመካከላቸው አንዱ ተገድሎ ይገኛል። ከውጭ የገባ እንግዳ የለም፤ ስለዚህም በደለኛው ትናንት አብሮ ሻይ ሲጠጣ ከነበረው ማኅበር አንዱ መሆኑ አይቀርም። ሁሉም ይጠረጠራሉ፤ ሁሉም የሚሰውሩት ነገር አላቸው። በመጨረሻው ምዕራፍ መርማሪው ሰዎቹን በአንድ አዳራሽ ሰብስቦ፥ የያንዳንዱን ቃል መርምሮ፥ በደለኛውን በጣቱ ያመለክታል።

ይህን ድርሰት አንድ የመንዝ ሽማግሌ ቢያነቡለት፥ «ይህማ አፈርሳታ ነው፤ እኛ በሜዳ ላይ ስናደርገው እነርሱ በአዳራሽ አደረጉት» ቢል አይፈረድበትም። በዛሬው ንግግራችን የምንመለከተውም ይህንኑ ነው። በደል ተፈጽሞ በደለኛው ያልታወቀ እንደ ሆነ የእኛም የእንግሊዝም ገጠር በየዘመናቸው ምን ያደርጉ ነበር? ዕዳውንስ ማን ይሸከመው ነበር?

አስቀድመን ስለ አገሩ ጥቂት እንበል። መንዝ በሰሜን ሸዋ የሚገኝ የግሼና የመርሐ ቤቴ ጎረቤት የሆነ ብርቱ ደጋ ነው። ከጥንት ጀምሮ ማማ ምድር፥ ላሎ ምድር፥ ጌራ ምድር እየተባለ በሦስት ይከፈል ነበር፤ ዛሬ መሐል ሜዳን፥ ሞላሌንና ዘመሮን የመሳሰሉ ከተሞች አሉት። እህሉ ገብስ፥ ሀብቱ በግ ነው፤ ከበጉ ጠጕር ሴቶቹ ይፈትላሉ፥ ወንዶቹም ባናና በርኖስ ይሠራሉ። መሬቱ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ በርስት ሥርዐት የተያዘ ስለ ነበረ፥ በአንድ አጥቢያ የሚኖሩ ሰዎች ብዙዎቹ ከአንድ አቅኚ አባት የሚወለዱ ዘመዳሞች ነበሩ። ዘመዳሞች ናቸው ማለት ግን የተስማሙ ናቸው ማለት አይደለም፤ በርስት ክፍያ እየተካሰሱ ከዳኛ ደጅ ዕድሜያቸውን የፈጁ ወንድማማቾች ጥቂት አልነበሩም። ዶናልድ ሌቪን የተባለው አሜሪካዊ ምሁር በመንዝ ተቀምጦ የሕዝቡን ኑሮ አጥንቶ «ሰምና ወርቅ» የተባለውን መጽሐፉን በ1965 (በአውሮፓ አቈጣጠር) ባሳተመ ጊዜ ይህን የክርክር ጠባይ ሳይጠቅስ አላለፈም። በነገራችን ላይ፥ ከዚህ በታች የውጭው አገር ዘመን በአውሮፓ፥ የአገራችን በኢትዮጵያ አቈጣጠር መጠቀሱን አንባቢ ልብ ይበል።

እንግዲህ ከእንዲህ ዐይነቱ አጥቢያ በአንድ የክረምት ሌሊት ከአንድ ገበሬ በረት ሦስት በጎች ጠፉ እንበል። ባለ በጎቹ ሲነጋ በመጀመሪያ ፋናውን ይከተላል፤ ዝናቡ ካጠፋበት ይመለሳል። ቀጥሎ ለጠቈመው ሰው ወሮታ እንደሚከፍል በምስጢር ያስወራል። ይህም ካልሆነለት ከአገሩ ሹም ዘንድ ቀርቦ «አውጫጭኝ ይቀመጥልኝ» ብሎ ይጮኻል። አውጫጭኝ ማለት ቃሉ ራሱ እንደሚናገረው ተሰብስቦ የተሰወረውን ነገር ማውጣት ነው፤ አፈርሳታም ይባላል።

ሹሙ ቀን ይቈርጣል፤ ዐዋጁም ይነገራል። በተቈረጠው ቀን የአጥቢያው ሰው ሁሉ ወደ ሜዳው ወይም ወደ ትልቁ ዛፍ ጥላ ይወጣል። የቀረ ሰው መቀጫ ይከፍላል፤ ከመቀጫውም ይልቅ መቅረቱ ራሱ ያስጠረጥረዋል። ከዚህ በኋላ ነገር የሚያውቁ፥ የሚታመኑ ሽማግሌዎች ይመረጣሉ። እያንዳንዱ ሰው ከፊታቸው እየቀረበ አለማድረጉንና ያደረገውንም አለማወቁን በመሐላ ያረጋግጣል፤ የሚያውቅ ቢኖር ግን እንዲናገር ይጠየቃል። የእኛ አባቶች ብልሃት የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ጎረቤቱን፥ ይልቁንም ዘመዱን በአደባባይ ሌባ ብሎ የሚጠራ ሰው ቂም አትርፎ፥ ምናልባትም ደም አስቀምጦ ወደ ቤቱ ይገባል። ስለዚህ ምስጢር ዐዋቂው ስሙ ሳይገለጥ ለሽማግሌዎቹ ብቻ የሚናገርበት መንገድ ተበጀ፤ ይህንንም ሰው ወፍ አሉት። ወሬው ከማን እንደ መጣ ለመሰወር «ወፍ ነገረችኝ» የምንለው የዕለት ተዕለት አነጋገር ከዚሁ ሥርዐት ጋር አንድ ዐሳብ ነው።

ወፍ ካልተገኘ ጉባኤው ተበትኖ በሌላ ቀን እንደ ገና ይጠራል፤ እንደ ገናም ይጠራል። አረሙ ሊታረም፥ አጨዳው ሊታጨድ ሲገባው ገበሬው ስንቁን ይዞ ከሜዳ ይውላል። በመጨረሻም በደለኛው ያልወጣ እንደ ሆነ የበጎቹን ዋጋ አጥቢያው በሙሉ አዋጥቶ ይከፍላል። ሌባው ከመካከላቸው ተቀምጦ ከሆነም የራሱን ድርሻ እንደ ደኅና ሰው ቈጥሮ ይሰጣል ማለት ነው!

አንባቢ ሆይ፥ ይህን ሥርዐት ለመናቅ አትቸኩል። ፖሊስ፥ መዝገብ ቤት፥ እስር ቤት በሌለበት አገር የሰውን ሀብት ሲጠብቅ የኖረው ይኸው ነው። ዕዳው የሁሉ ስለ ሆነ ሁሉ ዘበኛ ይሆናል፤ የጎረቤቱን በረት ጩኸት ሰምቶ ዝም ብሎ የተኛ ሰው ነገ ከኪሱ ይከፍላል። ያው የመንዝ ሰው የጓሳን ሜዳና ሣር ያለ ጊዜው እንዳይታጨድና እንዳይጋጥ ለብዙ ዘመን በጋራ ሲጠብቅ የኖረው በዚሁ ዐይነት የጋራ ግዴታ ነው።

ይሁን እንጂ ጉድለቱም ከባድ ነበር። ወፏ ማን እንደ ሆነች አትታወቅም፤ ስለዚህ እውነት የምትናገር ወፍ እንዳለች ሁሉ ያለፈውን ዓመት የርስት ክርክር የምትበቀል ወፍም አትጠፋም። ስሙ የተነሣውም ሰው ዋስ ጠርቶ ከዳኛ ፊት ይቆማል። ዘመድ የበዛለት ዋሱም ምስክሩም ይበዛለታል፤ መጤው፥ ጭሰኛው፥ ቀጥቃጩ ግን ማንን ይጠራል? በፍትሐ ነገሥቱ ሥርዐት ሁለት ወይም ሦስት ምስክር ያስፈልግ ነበር፤ በሌሊት ለጠፋ በግ ሦስት ምስክር ከየት ይመጣል?

ስለ ሌባሻይ ብዙ አልናገርም። አንድ ብላቴና መድኀኒት ጠጥቶ፥ ራሱን ስቶ፥ በወገቡ በታሰረ መቀነት እየተያዘ በየመንደሩ ይሮጣል፤ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ይህ ምርመራ ሳይሆን ዕጣ ነው። አፈርሳታ ግን ምንም ጉድለት ቢኖርበት የሰውን አእምሮና የሰውን ቃል የሚጠይቅ በመሆኑ፥ ሁለቱን አንድ አድርገው የሚጽፉ ሰዎች ተሳስተዋል ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ እንግሊዝ እንሻገር። የልብ ወለዱ አንባቢ የእንግሊዝ ገጠር ከጥንት ጀምሮ ብልህ መርማሪ ያለበት ሊመስለው ይችላል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። እንግሊዞችም አፈርሳታ ነበራቸው።

ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ አንድ ኖርማን ተገድሎ ገዳዩ ያልታወቀ እንደ ሆነ «ሀንድሬድ» የሚባለው የወረዳ ክፍል ሕዝብ በጋራ መቀጫ ይከፍል ነበር፤ ይህ መቀጫ የቀረው በ1340 ነው። በየመንደሩ ያሉ ወንዶችም አሥር አሥር እየሆኑ አንዱ ለሌላው ዋስ ይሆን ነበር። ንጉሥ ሄንሪ 2ኛ በ1166 ባወጣው ሥርዐት ደግሞ ከየሀንድሬዱ 12 የታመኑ ሰዎች በመሐላ ቀርበው በአገራቸው በወንበዴነት፥ በሌብነትና በነፍሰ ገዳይነት የሚጠረጠረውን ሰው ስም እንዲያወጡ ታዘዘ። ሽማግሌ ተመርጦ፥ መሐላ ተፈጽሞ፥ ስም ማውጣት! የመንዝ ሽማግሌ ከዚያ ጉባኤ መካከል ቢገባ ግራ የሚያጋባው ቋንቋው ብቻ ነበር። በ1285 በዊንቸስተር የወጣው ሕግ ደግሞ ጩኸት ሲሰማ ሁሉ እንዲከተል፥ ቀማኛው ካልተያዘም የተቀማውን ሰው ኪሣራ ሀንድሬዱ እንዲከፍል አዘዘ። ይህ ሕግ ዘመን እያለፈበት፥ እየላላም ቢሆን እስከ 1827 ድረስ ኖሯል።

ከዚህ በኋላ ነገሩ በፍጥነት ተለወጠ። በ1829 የሎንዶን ፖሊስ ተቋቋመ፤ በ1842 ደግሞ መለዮ የማይለብሱ ጥቂት መርማሪዎች ያሉበት ክፍል ተከፈተ። የአጥቢያው ዕዳ በደመወዝተኛ ላይ ተጣለ ማለት ነው። የገጠሩ ሰው ግን ይህን እንግዳ ፍጡር በደስታ አልተቀበለውም፤ ለዚህም የሮድ መንደር ነገር ማስረጃ ነው።

በሰኔ ወር 1860 መጨረሻ በዊልትሻየር አውራጃ ሮድ በምትባል መንደር፥ ከአንድ ባለ ጠጋ ቤት አራት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ከአልጋው ተወስዶ ተገድሎ ተገኘ። ቤቱ ሌሊቱን ተዘግቶ ያደረ በመሆኑ ጥርጣሬው በቤተ ሰቡና በአሽከሮቹ ላይ ዐረፈ። የአገሩ ፖሊስ ነገሩን ማውጣት ስላልቻለ ጆናታን ዊቸር የተባለ ስመ ጥር መርማሪ ከሎንዶን ተላከ። ዊቸርም አንዲት የሌሊት ልብስ መጥፋቷን መሠረት አድርጎ የሟቹን እኅት የ16 ዓመቷን ኮንስታንስ ኬንትን ጠረጠረ። ሕዝቡ ተቈጣ። የአትክልተኛ ልጅ የሆነ ደመወዝተኛ ከጨዋ ቤት ገብቶ የሴት ልጅን ልብስ እንዴት ይቈጥራል ተባለ። ማስረጃው በቂ ሆኖ ስላልተገኘ ልጅቱ ተለቀቀች፤ የዊቸር ስምም ጠፋ። ከአምስት ዓመት በኋላ፥ በ1865፥ ኮንስታንስ ራሷ ገዳይዋ እኔ ነኝ ብላ ቃሏን ሰጠች። የሞት ፍርዷ ተለውጦላት 20 ዓመት ታስራ ወጣች። ዊልኪ ኮሊንስ በ1868 «የጨረቃ ዕንቊ» ልንለው የምንችለውን ልብ ወለዱን ሲጽፍ ነገሩን በገጠር ጨዋ ቤት አድርጎ፥ የቆሸሸችውንም የሌሊት ልብስ ከዚሁ ከሮድ ነገር ወስዷል።

እንግዲህ ልብ ወለዱ የተወለደው ከእውነተኛ ሐዘንና ከእውነተኛ ውርደት ነው። ሳቁና ሻዩ የመጣው ኋላ ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ብዙ ሞት ያየው የእንግሊዝ አንባቢ ሞት ሁሉ ምክንያት ያለውና የሚፈታ የሆነበትን መጽሐፍ ወደደ። አጋታ ክሪስቲ በጦርነቱ ጊዜ በመድኀኒት ቤት ስትሠራ የመርዝን ነገር ዐውቃ የመጀመሪያ ልብ ወለዷን በ1920 አሳተመች። በ1930 ደግሞ ሚስ ማርፕል የተባለችውን ባልቴት በሙሉ ልብ ወለድ ለመጀመሪያ ጊዜ አቀረበች።

ይህችን ባልቴት ልብ በሉልኝ። አጉሊ መነጽር አትይዝም፤ የምትመረምርበት ቤተ ሙከራም የላትም። እርሷ ያላት የመንደሯ ዕውቀት ነው። የተጠረጠረውን ሰው ስታይ ከዚህ ቀደም በመንደሯ የምታውቀውን አንድ አታላይ ወይም አንዲት ሞኝ ሠራተኛ ታስታውሳለች፤ ከዚያም ነገሩን ትፈታለች። ከዛፉ ጥላ ሥር የተቀመጠው የመንዝ ሽማግሌም የሚሠራው በዚሁ ዕውቀት ነው። የማንኛው አባት ከማን ጋር በርስት እንደ ተጣላ፥ የማን ልጅ ባለፈው ገበያ ያለ ዐቅሙ ገንዘብ እንዳወጣ፥ ማን ሲምል ዐይኑን እንደሚሰብር ያውቃል። ልዩነቱ አንድ ነው። ሚስ ማርፕል አትሳሳትም፤ ደራሲዋ አስቀድማ በደለኛውን ታውቀዋለችና። ሽማግሌው ግን ሊሳሳት ይችላል፤ ቢሳሳትም መጽሐፉ ተዘግቶ አይቀመጥለትም፤ ያለ በደሉ ስሙ ከተነሣው ሰው ጋር በአንድ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለም፥ በአንድ ሰንበቴ ሲጠጣ ይኖራል።

በእኛም አገር ዕዳው ከአጥቢያው ትከሻ የወረደው በየጥቂቱ ነው። ከጠላት ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የፖሊስ ዐዋጅ ወጣ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ቅጣት የግል መሆኑን፥ ሰውም ራሱ ላደረገው ጥፋት ካልሆነ በቀር የማይቀጣ መሆኑን ደነገገ። ይህች አጭር ቃል ስትጻፍ የሦስት በግ ዋጋ ሲያዋጣ ለኖረ አጥቢያ ምን ማለት እንደ ነበረች የከተማ ሰው ቶሎ አይገባውም። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግና በ1954 ዓ.ም. የወጣው የሥነ ሥርዐት ሕግም ተከታትለው መጡ፤ ወንጀል መፈጸሙን ያወቀ ወይም የጠረጠረ ፖሊስ እንዲመረምር የታዘዘው በዚህ በኋለኛው ሕግ ነው።

ሕጉ በወረቀት ላይ ከሰፈረ በኋላ ግን ከዘመሮ ወይም ከግሼ ገደል ማዶ ያለ ገበሬ በጉ ሲጠፋ ፖሊስ ጣቢያው የቱ ጋ ነው? ሩቅ ነው፤ ወንዙም በክረምት አያሻግርም። ስለዚህ አውጫጭኝ በገጠሩ ቶሎ አልቀረም። የእንግሊዝ ሀንድሬድ ኪሣራ መክፈሉ ቀርቶ የሎንዶን ፖሊስ እስኪቋቋም ድረስ ያለፈው ሁለት ዓመት ብቻ ሲሆን፥ ሮድን ለመሰለች መንደር ከሎንዶን መርማሪ እስኪላክላት ድረስ ግን 33 ዓመት አልፏል። እርሱም በደረሰ ጊዜ ትክክለኛውን ስም አውጥቶ የሚያምነው አላገኘም።