የአርሲ ደጋ መንገዶችና የኤሌክትሪክ ማስተላለፊያ መስመር

የኤሌክትሪክ ኃይል ከሚመነጭበት ስፍራ ወደ ከተማ በሽቦ ሲጓዝ መንገድ የሚያስፈልገው አይመስልም። ምሰሶው ከኮረብታ ወደ ኮረብታ ይሻገራል፤ ሽቦውንም ወንዝና ገደል አያግደውም። ነገር ግን ምሰሶውን የሚያቆመው ሠራተኛ፣ ብረቱን የሚያመላልሰው የጭነት መኪና፣ ለመሠረቱ የሚፈሰው ሲሚንቶና አሸዋ ሁሉ በምድር ላይ የሚሄዱ ናቸው። ስለዚህ መስመር ሲታሰብ አስቀድሞ የሚጠየቀው «በአካባቢው ያለው መንገድ እንዴት ነው?» የሚለው ነው። እኛም ይህንኑ ጥያቄ ስለ አሰላና ስለ አርሲ ደጋ አንሥተን መልሱን ከታሪክ ለመፈለግ እንሞክራለን። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ጥያቄው ዛሬም ሕያው ነው። በኢቴያ አቅራቢያ 29 ማማዎች ያሉት ባለ 100 ሜጋ ዋት የአሰላ የነፋስ ኃይል ጣቢያ ተተክሏል። በዚያው አካባቢ በቱሉ ሞዬ የከርሰ ምድር እንፋሎት ለማውጣት በ2012 ዓ.ም. ቁፋሮ ተጀምሯል። እንዲህ ያለ ኃይል ወደ አገሪቱ መረብ የሚገባው በማስተላለፊያ መስመር ነውና፣ የአርሲ ገበሬ ከምሰሶና ከሽቦ ጋር ያለው ጉርብትና እየበዛ መሄዱ አይቀርም።

ሀ. የምድሩ ጠባይ

ከአዳማ ተነሥቶ አዋሽን ተሻግሮ፣ በዴራና በኢቴያ በኩል አሰላ ለመድረስ የሚኬደው መንገድ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ አጭር ርቀት ውስጥ ምድሩ ከስምጥ ሸለቆው ወለል ተነሥቶ 2,400 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ይደርሳል። በስተ ምሥራቅ የጭላሎ ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይታያል። ከአሰላ ወደ ደቡብ ሳጉሬ፣ በቆጂና አሳሳ ተራ በተራ ይከተላሉ።

በቆላው በኩል አፈሩ ከጥንት እሳተ ገሞራ የወጣ አመድና ቀላል ድንጋይ ያለበት በመሆኑ በበጋ ይቦንናል፤ በክረምት ደግሞ ጎርፍ በቶሎ ይሸረሽረዋል። በደጋው ሜዳ ላይ ግን ብዙውን ስፍራ የያዘው ዋልካ፣ በኦሮምኛም ኮቲቻ የሚባለው ጥቁር አፈር ነው። ዋልካ በበጋ ተሰነጣጥቆ ይደርቃል፤ ዝናብ ሲነካው አብጦ ይለሰልሳል፤ ጎማም ሰኮናም ይይዛል። ስለዚህ በካርታ ላይ አንድ መስመር ሆኖ የሚታየው ጥርጊያ መንገድ በጥር መንገድ፣ በሐምሌ ረግረግ ሊሆን ይችላል። በአርሲ የመንገድን ሁኔታ የሚመረምር ሰው ወሩን ሳይጠቅስ ቢጽፍ ጽሑፉ ጎደሎ ነው።

ለ. መንገዱ ወዴት አቀና?

የጅቡቲው ምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ አዳማ የባቡር ጣቢያ ሆና ነበር። ከዚያ ወዲህ የአርሲ እህል ገበያ ፊቱን ወደ ሰሜን አዞረ። በ1943 ዓ.ም. መንግሥት ከዓለም ባንክ ለመንገድ 5 ሚሊዮን ዶላር ተበድሮ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣንን ሲያቋቁም፣ የሥራው ዋና ሐሳብ ዋና ከተማውንና የጠቅላይ ግዛት ከተሞችን ማገናኘት ነበር። ይህ ሐሳብ ለአገሪቱ አስፈላጊ እንደ ነበር አይካድም። ሆኖም የአርሲ መንገድ ከደቡብ ወደ ሰሜን የሚወርድ አንድ ግንድ ሲሆን፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚያገናኙት ቅርንጫፎች ለብዙ ዘመን የአህያና የበቅሎ መንገድ ሆነው ቀሩ። ከግንዱ አጠገብ የተቀመጠ ገበሬና ከግንዱ የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ የተቀመጠ ገበሬ አንድ ዓይነት እህል ቢያመርቱም፣ አንድ ዓይነት ዋጋ ሊያገኙ አልቻሉም።

ሐ. የጭላሎ ትምህርት

በ1960 ዓ.ም. መግቢያ በስዊድን መንግሥት ርዳታ በአሰላ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ይህን ጉድለት ተረድቶ ነበር። ስለሆነም ከማዳበሪያና ከምርጥ ዘር ጋር የገጠር መንገድን ከሥራው አንዱ አደረገ። መንገድ በገባበት ማዳበሪያ ገባ፤ ምርትም ተሻሻለ። ነገር ግን መሬቱ ዋጋ ባገኘ ጊዜ ብዙ ባለመሬቶች ትራክተር አስገብተው ጭሰኞቻቸውን ማስለቀቅ ጀመሩ። የጭሰኝነት ሕግ እንዲሻሻል ቢታሰብም፣ ሕጉ በምክር ቤት ሳይጸድቅ ቀረ። ነገሩ የተለወጠው የየካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲወጣ ነው።

ከዚህ የምንማረው መንገድ ክፉ ነው ብለን እንድንደመድም አይደለም። መንገድ የሚያመጣው ጥቅም ለማን እንደሚደርስ የሚወስነው በመሬቱ ላይ ያለው መብት ነው ማለታችን ነው። መንገዱ ከመብቱ ቀድሞ ሲደርስ ገበሬው በመንገዱ ሊሰደድበት ይችላል።

መ. ሽቦው በላይ፣ ገበሬው በታች

የአርሲ ምድር ለኤሌክትሪክ ኃይል እንግዳ አይደለም። በሰሜን በአዋሽ ላይ የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ተመረቀ። በደቡብ በዋቤ ሸበሌ ላይ ባለ 153 ሜጋ ዋቱ የመልካ ዋከና ጣቢያ በ1980 ዓ.ም. ግድም ሥራ ሲጀምር፣ ኃይሉ የአርሲን ምድር አቋርጦ ወደ ቆቃ ተላከ። ከፍተኛ ኃይል የተሸከመ ሽቦ ግን ማከፋፈያ ጣቢያ ካልተሠራለትና ከዚያ ዝቅተኛ መስመር ካልተዘረጋ፣ በሥሩ ላለው ጎጆ አንዲት አምፖል እንኳ አያበራም። ገበሬው ምሰሶውን እያየ በኩራዝ ሊያመሽ ይችላል።

እንግዲህ መስመሩ ለመንደሩ ወዲያው ሊሰጠው የሚችለው ነገር አንድ ነው፤ እርሱም ምሰሶ ለመትከል የሚጠረገው መንገድ ነው። ይህ መንገድ በሁለት ዓይነት ሊሠራ ይችላል። አንደኛው፣ ተቋራጩ በበጋ ማሳ ለማሳ ጠርጎ ሥራውን ፈጽሞ የሚተወው ነው። ይህ በቀጣዩ ክረምት የጎርፍ ቦይ ይሆናል። ሁለተኛው፣ ሕዝቡ ወደ ገበያ፣ ወደ ወፍጮና ወደ ጤና ጣቢያ የሚሄድበትን የቆየ መንገድ ተከትሎ፣ ጠጠር ለብሶ፣ የውሃ ማሳለፊያ ቱቦ ተቀብሮለት የሚሠራ ነው። ሁለተኛው በመጀመሪያ ወጪው ይበልጣል፤ ይሁን እንጂ ምሰሶውን ለመጠገን ወደፊት የሚላከው መኪናም የሚያልፈው በዚሁ ነው።

መደምደሚያ

የአርሲ ደጋ መንገድ ታሪክ ወደ ውጭ የሚያወጣ እንጂ እርስ በርስ የሚያገናኝ መንገድ በበቂ አለመሠራቱን ያሳያል። በመሆኑም ለአዲስ መስመር የሚደረግ የመንገድ ጥናት የድልድዩን ጥንካሬና የመንገዱን ስፋት ብቻ መዝግቦ ማቆም አይገባውም። በየትኛው ወር እንደሚያልፍ፣ ማን እንደሚሄድበት፣ ሥራው ሲያልቅ ለማን እንደሚቀር ጨምሮ ሊጽፍ ይገባል። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ለሕዝብ ጥቅም መሬቱን የሚለቅ ሰው ካሣ እንዲያገኝ ደንግጓል። ካሣው የጠፋውን ይተካ ይሆናል፤ ጥሩ መንገድ ግን ከጠፋው በላይ ትቶ ሊሄድ ይችላል። የጭላሎ ጭሰኞች ታሪክ እንዳይደገም፣ መብቱም መንገዱም አብረው እንዲደርሱ ማሰብ የመሐንዲሱ ብቻ ሳይሆን የታሪክ ተማሪውም ሥራ ነው እንላለን።